ከሐበሾች መንገድ የገዛኋት ፔጆ

እሑድ፣ ኦክቶበር 26፣ 2003

የስመኝን ቦርሳ እስከ ፌርማታው ተሸከምኩላት። ልጄ ወታደር ከሆነች ስድስት ወሯ። እሑድ እሑድ ጧት በአውቶቡስ ወደ ጦር ሰፈሯ ትመለሳለች። አውቶቡስ ላይ ቦምብ የሚፈነዳበት ጊዜ ነውና፣ አውቶቡሱ ሲመጣ ተሳፋሪውን በዓይኔ ፈተሽኩ። ያ ወፍራም ጃኬት የለበሰው... ማን ነው? ተማሪ ነው መሰለኝ። ሄደች። "ደርሻለሁ አባ" ብላ እስክትደውል ጋራዥ ውስጥ አንዱን ብሎን ሦስት ጊዜ ፈታሁት፣ ሦስት ጊዜ አጠበቅሁት።

ከሥራ ስገባ ልቅናሽ፦ "የሰው መኪና ትጠግናለህ፤ ልጅህ ግን በአውቶቡስ። ምን ሆነህ ነው?"

ሚስቴ እውነቷን ነው። ምን ልበላት? ዓይኔ ደካማ ነው፣ መንዳት አልችልም አልኳት። ከሀገር ቤት ወደዚህ ከመጣን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኔ ደካማ ነው።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 29

አሠሪዬ ሊዮን ወደ ሐበሾች መንገድ ላከኝ። አንዲት አሮጊት የቆመች መኪና አላት፣ ትጠገን ወይ ትጣል አይተህ ንገረኝ አለ። ከሐበሾች ቤተ ክርስቲያን ግንብ አለፍ ብሎ የድንጋይ ቤት፣ የዛገ የብረት በር። ፕኒና ትባላለች። ሰማንያን አልፋለች።

ፔጆ 404። የ1965 ሥሪት። ከጥዱ ሥር፣ በሸራ ተሸፍና። የጎማዎቹ አየር ወጥቶ በቸርኬዋ ቁጭ ብላለች። የኋላ ወንበሩ ውስጥ አይጥ ወልዳበታለች። ቤንዚኑ ተበላሽቶ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ካቻቢቴ ይዤ ከሥር ገባሁ። ከበሮቹ በታች ያለው ላሜራ ሲነኩት ይፈረፈራል፤ ዋናው ብረት ግን ደህና ነው፣ ስመታው ጥርት ብሎ ይጮኻል። ካንዴላዎቹን ፈትቼ ዘይት ጠብ ጠብ አደረግሁና ሞተሩን በእጅ የሚያዞረውን ማኖቬላ አስገባሁ። እምቢ አለች። ቆይቼ ደገምኩ። ዞረች። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ከዚያ ገብቼ ተቀመጥኩና ፍሬኑን ረገጥኩ። ፔዳሉ ያለ ምንም ትግል ወለሉ ድረስ ሰመጠ።

እግሬ በረዶ ሆነ። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ ግንቡን ይዤ ቆሜ ነበር። ሴትዮዋ ውኃ አመጣችልኝ።

"ለምን ቆመች?" አልኳት፣ ወሬ ለማስቀየር።

"ባሌ እየነዳ ልቡ ቆመ። የእጅ ፍሬኑን የሳብኩት እኔ ነኝ። ጎረቤት አምጥቶ እዚህ አቆማት። ከዚያ ወዲያ ፈራኋት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ፈርቼ ነው።"

ፈርቼ ነው... እንዲህ አቅልሎ መናገር ይቻላል?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 30

ለሊዮን "ትጣል" ልለው አስቤ ነበር የገባሁት። አፌ "ትድናለች" አለ።

"እንግዲያው አንተው ግዛትና አድናት" አለኝ። "ከሥራ በኋላ እዚሁ ሥራባት፣ ቦታ አለ።"

ልቅናሽም ሰምታ "ግዛ" አለች። የስመኝ ነገር ነው የታያት። ለእኔ የታየኝ ሌላ ነው።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ገዛኋት። ፕኒና ከመፈረሟ በፊት እጄን ያዘችኝ። "ፍሬኑን አስቀድም" አለች። ፔጆዋን የጭነት መኪና መጥቶ ወደ ጋራዥ ወሰዳት።

ምን አድርጌ ነው ግን?

ሰኞ፣ ኖቬምበር 24

ሲግድ፣ የኛ የሐበሻ አይሁዶች የጾምና የጸሎት በዓል። ሰዉ ሁሉ ወጥቶ ነበር። ከጸሎቱ በኋላ እትዬ ተናኜን አገኘኋቸው።

የጋሼ መንገሻ ሚስት ናቸው። ጋሼ መንገሻ ሙያ ያስተማረኝ ሰው ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ሊማሊሞ ላይ ከነኤንትሬ የጭነት መኪናው ገደል ገባ። እኔ ረዳቱ ነበርኩ፣ ተረፍኩ። ሰው የሚያውቀው ይህን ያህል ነው።

እትዬ ተናኜ አገላብጠው ሳሙኝ። "ጎበዜ፣ አንተን ሳይ እሱን ያየሁት ይመስለኛል።" ከዚያ ስለ ትልቁ ልጃቸው ስለ ይሻይ ነገሩኝ። መንጃ ፈቃድ ላውጣ ብሎ አስቸግሯቸዋል። "እምቢ አልኩት። አባትህ መሪ ላይ አንቀላፍቶ ነው ያለቀው፣ በደማችሁ ያለ ነው፣ አንተም ታልቅብኛለህ አልኩት። እሱስ የአባቱን ስም ማንሳት ያፍራል።"

አንቀላፍቶ ነው ብሎ ለልቅሶ ለተቀመጠ ሰው የተናገረው ማን ነው? እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 28

ሰንበት ሳይገባ ልጻፈው። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌው አላውቅም።

የነዳሁት እኔ ነኝ። ጋሼ መንገሻ ወባ ይዞት ይንቀጠቀጥ ነበር። "ትንሽ ያዝልኝ" ብሎ መሪውን ሰጠኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ኮርቼ ያዝኩ። ቁልቁለቱ ላይ ፔዳሉ ሰመጠ። ደጋግሜ ረገጥኩ... ምንም የለም። በሩን ከፍቼ ዘለልኩ።

እሱ ተኝቶ ነበር።

ተኝቶ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 13፣ 2004

የፍሬኑን ቱቦ ሁሉ አዲስ ቀየርኩ። ሲሊንደሮቹን፣ የፍሬን ሸራዎቹን፣ ሁሉን። ከቱቦው ውስጥ አየሩን አስወጣሁ። በማግስቱ መልሼ አስወጣሁ። አራተኛዬ ነው። ፔዳሉ አሁን ከእግር በታች እንደ ድንጋይ ነው። አላመንኩትም።

ሊዮን ከኋላዬ ቆሞ ያየኝ ነበር። "መቼ ነው የምትነዳት?"

"ዓይኔ..."

"ጎበዜ፣ መሬት ላይ የወደቀች ብሎን ከዚያ ማዶ ሆነህ ታያለህ።"

ጎንበስ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ፊቴ ይነድ ነበር።

ማክሰኞ፣ ማርች 16

ላሜራው ተበየደ። ቀለሙ እንደ ድሮው፣ ወተት የመሰለ ነጭ። የመኪና ምርመራውን አለፈች። የነዳት ሊዮን ነው። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ በየመታጠፊያው የበሩን እጀታ እይዝ ነበር። እጄ ብቻውን ነው የሚሄደው...

እሑድ፣ ሜይ 2

ስመኝ ዛሬም በአውቶቡስ ሄደች። መኪናዋ ደጃፋችን ቆማ። ልጅቷ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ቦርሳዋን አነሳች፣ ፔጆዋን አየት አደረገች፣ ሄደች። ያ ከስድብ ባሰኝ።

ወረድኩና መኪናዋ ውስጥ ገባሁ። አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ አስነሳሁ። ከሰፈራችን ከቂርያት ሃዮቨል ወደ ዓይን ከረም የሚወርደውን ቁልቁለት ያዝኩ። ሆን ብዬ። ሸሚዜ ከወንበሩ ጋር ተጣብቋል። የመጀመሪያው መታጠፊያ... ረገጥኩ፣ ያዘ። ሁለተኛው፣ ያዘ። ከኋላዬ ያለው ሾፌር ጥሩንባ ይነፋል፣ ይነፋ።

ታች ደርሼ ሞተሩን አጠፋሁ። ያን ጊዜ ነው የመጣብኝ። አልመጣብኝም፣ ሁልጊዜም አለ።

ስዘል ተኝቶ አልነበረም። በሩን ስከፍት ነፋሱ ቀሰቀሰው። ዓይኑን ገልጦ አየኝ። "ጎበዜ" አለ። ከዚያ ዘለልኩ።

እሑድ፣ ሜይ 9

ለልቅናሽ ነገርኳት። ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችው። ብዙ ቆይታ ወጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

"እትዬ ተናኜ ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙት" አለችኝ።

ሐሙስ፣ ሜይ 13

እትዬ ተናኜ ወደሚኖሩበት ፒስጋት ዘኤቭ ሄድኩ። በፔጆዋ፣ ብቻዬን። እትዬ ተናኜ "እንኳን ደህና መጣህ" እያሉ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። ብቀመጥ የምናገር አልመሰለኝም።

አልጮኹም። ሻሻቸውን ፈትተው እንደገና አሰሩት።

"መሪ ላይ ያንቀላፋው እሱ አይደለም በለኛ።"

"አይደለም፣ እትዬ። የነዳሁት እኔ ነኝ።"

"ልጆቼ በአባታቸው አፍረው አደጉ። እኔም አምኜህ እሱን ረገምኩት። መቃብሩ ላይ ቆሜ፣ ስለምን ተኛህ ብዬ።"

ይህን አላውቅም ነበር። ተቀመጥኩ።

ስልኩን አነሱ። "ይሻይ፣ ወንድምህን ይዘህ ቶሎ ና።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ለነሱም አንተው ትነግራቸዋለህ። እኔ አልነግርልህም።"

ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ። ውኃ እንኳ አልሰጡኝም፣ አላዩኝምም። ከውጭ የሕፃናት ጫጫታ ይሰማል። በሩን አልዘጉትም ነበር። የመኪናዋ ቁልፍ መዳፌን ወግቶታል። ሂድ ሂድ ይለኛል። አልተነሳሁም።

መጡ። ይሻይ ቁርጥ አባቱን ነው፤ እንዲያውም አባቱ ሲሞት ከነበረበት ዕድሜ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ከመጀመሪያው እስከ ዘለልኩበት ድረስ ተናገርኩ። ማንም አላቋረጠኝም።

"አባዬ ተኝቶ ነበር?" አለኝ ይሻይ። "ሳያውቀው ነው የሞተው?"

አዎ ብል ይቀልለው ነበር። ለእኔም።

"ነቅቶ ነበር። አየኝ። ስሜን ጠራኝ።"

ታናሹ ተነሥቶ ወጣ። እትዬ ተናኜ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ከዚያም ከእጃቸው ሥር፦ "በቃ። አሁን ሂድ።"

ደረጃውን ስወርድ ይሻይ ተከተለኝ። ሊመታኝ ነው ብዬ ቆሜ ጠበቅሁት። አልመታኝም። ፔጆዋን ዞሮ አያት፣ መስኮቱ ላይ ተደግፎ ፔዳሎቹን አየ።

"መንጃ ፈቃድ አወጣለሁ" አለ። "ከአንተ ግን አልማርም። ልቅሶ ላይ የነበሩትን ሰዎች አንድ በአንድ እየዞርክ እውነቱን ትነግራቸዋለህ። ያሉበትን እኔ እነግርሃለሁ።"

"እሺ" አልኩት።

እየፈራሁ ነዳሁ፣ እየፈራሁ ቤቴ ደረስኩ። ለስመኝ ደወልኩላት። ነገ ስትመጪ ቤት የምነግርሽ አለ፣ እሑድ ደግሞ እኔ ነኝ የማደርስሽ አልኳት።

"ዓይንህስ?"

"ደህና ነው" አልኳት። "ድሮም ደህና ነበር።"