መርፌው መጾማቸውን አያውቅም

ለወንድም ዓለም ይታያል፣

ሰላምታዬ ጉሙንም ጭቃውንም አልፎ ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህ ወንጌላዊትስ ደህና ናት? የጋምቤላ ወበቅ እንዴት አድርጓችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ አባባም አሁን ደህና ናቸው። በስልክ ብነግርህ ሳልጨርስ ትደነግጥብኛለህ ብዬ ነው የጻፍኩልህ።

የፍልሰታ መግቢያ ዕለት የመቀደሱ ተራ የአባባ ነበር። ጠዋት የስኳር መርፌያቸውን ተወጉና እህል ሳይቀምሱ ቤተ መቅደስ ገቡ። መርፌ እህል አይደለም፣ ጾም አይገድፍም ነው ያሉት። እናታችን ብትለምናቸውም አልሰሙም፤ ታውቃቸዋለህ፣ ከያዙ አይለቁም። ወንጌል ሲነበብ ላብ አጥምቋቸው፣ ተንቀጥቅጠው ወደቁ። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስናቸው፤ ግሉኮስ ሲገባላቸው ዓይናቸውን ገለጡ።

ነርሷ ዘመናይ የነገረችን እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣም። ጤነኛ ሰው ሲበላ፣ ከጨጓራ ጀርባ ያለው ቆሽት በደሙ የበዛውን ስኳር ያወርዳል፤ ሲጾም ደግሞ ቆሽቱ እጁን ይሰበስብና ጉበት ካስቀመጠው ያወጣለታል፤ ማንም ሳያዘው። መርፌው ግን መጾምዎን አያውቅም አባ፣ አለቻቸው። እኔ አንድ ወጥ ጨው ሳላበዛ ማውጣት ያቃተኝ ሴት፣ ገላዬ ስኳሩን ብቻ ሳይሆን የደሜንም ጨው ዕድሜ ልኬን ሲመጥን መኖሩን ሰምቼ ተደነቅሁ። አንተ እዚያ ላብ በላብ ስትሆን፣ እኔ እዚህ በብርድ ስንዘፈዘፍ፣ የውስጥ ሙቀታችን ያው አንድ ነው አለችን። እንዲህ ያለ ታማኝ ሎሌ ከየት ይገኛል? አባባም ተኝተው ሲሰሙ ቆዩና፣ ይህን ሁሉ ዘመን ስቀድስ ለካ ይህ ገላዬ ነው አቁሞ የያዘኝ አሉ።

አሁን ግን ቆሽታቸው ደክሟል። ከመርፌው በኋላ መብላት ግድ ነው፤ በልቶ መቀደስ ደግሞ የለም። የነፍስ አባታቸው አባ ኪዳነ ማርያም መጥተው፣ ስንቱን በሽተኛ ብላ ሲሉ ኖረው በራስዎ ሲደርስ ጨከኑ ወይ አሏቸው። አባባም ወደ እናታችን ዞረው፣ በይ ቁርስ አቅርቢ አሏት። ምግቡ ሲቀርብ እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ትናንት እሁድ ከሕዝቡ መካከል ቆሙ። ካህኑ ከመቅደስ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲሉ፣ አባባ ከእኛ ጋር «ምስለ መንፈስከ» ብለው መለሱ። ያን ድምፅ ከመቅደስ ሳይሆን ከእኛ በኩል ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። አንጀቴን በሉት፤ ኮራሁባቸውም።

እናታችን በናፍቆት ትስምሃለች። ታናሻችን አምሳሉ ለአንተም ለወንጌላዊትም ሰላም ብሏል። አባባ ደግሞ፣ በልቼ ነው የምመርቀው በይልኝ ብለዋል።

እህትህ የኔአለም
አምበር፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.