ቅቤ የተቀባው የቼሪ ዛፍ

ተሼዬ፣ ሰላምታውን ትንሽ ላቆየውና የጎረቤታችንን የፔጊን ወሬ ላስቀድም፤ ብትኖር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ እሷ ነውና። ፔጊ በጾሙ መሀል ደረጃዋ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ኦፕሬሽን ተደርጋ አሁን ደህና ናት፤ ያንን ባለ አራት እግር መደገፊያ ይዛ ደጅ ትወጣለች። ልጇ ማይክ ከፖርትላንድ እየተመላለሰ ያያታል፤ ሚስቱም ሁለተኛ ልጅ ወልዳለች፣ ሴት ናት። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ማይክ እናቱን ሊወስዳት ነው። ጁን ላይ ቤቱ ይሸጣል። እሷም እሺ ብላለች፤ እሺ ስትል ግን ዓይኗ የሚያየው ደጃችን ያለውን የቼሪ ዛፍ ነበር።

እኔ ደህና ነኝ፤ ከተለየኸኝ ይኸው ሁለተኛው ጸደይ መጣ። ሳሎኑን ልጃችን ሳሮን ቀለም ቀባችው። ያ የምትወደው ወንበርህ መስኮቱ ሥር እንዳለ ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም። ልጅህ ጥሩ ሥራ ይዛለች። እንደ ድሮዋ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ እሱስ የለመድኩት ነው። የሚከብደኝ፣ ከሄድክ ወዲህ አንዴም አባዬ ብላ አታውቅም። እኔም እንዳይከፋት ብዬ አላነሳህም። ሶ፣ እናትና ልጅ አንድ ቤት ውስጥ አንተን እንደ ተኛ ሰው ላለመቀስቀስ በእግር ጣታችን እንሄዳለን። ያለፈውን ልደታ ንፍሮ አልቀቀልኩም፤ ዛፉንም አልቀባሁም። ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው የደነገጥኩት። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰው ይረሳል ማለት ነው?

የቅርጫቱን ነገር ታስታውሰዋለህ? እዚህ ቤት በገባን በመጀመሪያው ጸደይ ነው። እዚህ ከተማው ውስጥ ሶዶ ከሚሉት ሰፈር መጋዘን አዳር ሠርተህ ስትመለስ የበሩ እጀታ ላይ አንዲት የወረቀት ቅርጫት ተንጠልጥላ አገኘህ፤ ውስጧ አበባ፣ ቅጠል፣ ቀይ ክር፣ ከረሜላ። ቀስቅሰኸኝ፣ «ተነሺ፣ ደጃችን ላይ መተት ጥለውብናል» አልክ። በመጥረጊያ እንጨት አንጠልጥለህ እስከ ቆሻሻ ገንዳው ወሰድካት፣ እኔ ከኋላህ ጸበል እየረጨሁ። አቤት ስንፈራ! ለካ ፔጊ ከመኪናዋ ጀርባ ጎንበስ ብላ ታየን ኖሯል። ማታ ሳሮን ናት ከትምህርት ቤት መጥታ የነገረችን። ሜይ አንድ ቀን የጎረቤት በር ላይ አበባ ሰቅሎ፣ ደወል ደውሎ መሮጥ የጥንት ልማዳቸው ነው፤ ሲሮጥ የተያዘ ደግሞ ይሳማል። ከዚያ ወዲያ ፔጊን ቀና ብለን ለማየት አፈርን።

በዓመቱ ግን አድፍጠህ ጠበቅሃት። ደወሉ ሲጮህ በካልሲህ ተወርውረህ ወጣህ። እሷ በነጠላ ጫማ፣ ሽበቷ ተበትኖ፣ እንደ ሕፃን እየጮኸች! ቼሪው ሥር ደረስክባት። ከዚያማ እንደ አገርህ ሰው ጉንጯን እያገላበጥክ ሳምካት፤ አለቀ ስትል ደግሞ በሌላው፣ አለቀ ስትል ደግሞ በሌላው። «ማቆሚያ የለውም እንዴ?» አለች፣ በሳቅ ትንፋሽ አጥሯት። ዛሬም ድረስ ለሰው ታወራዋለች።

ልደታን እዚህ ደጅ ማክበር የጀመርነውም ያኔ ነው። ስንዴና ሽምብራ አስቀቀልከኝ። የልደታ ንፍሮ ደጅ ይበላል እንጂ ተመልሶ ቤት አይገባም ብለህ ላለፈ ላገደመው ሁሉ በእፍኝ አደልክ፤ ፖስታ አዳዩ እንኳ ጨው አንሶታል ብሎ ተጨመረለት። ከዚያ የዛፉን ግንድ ቅቤ ቀባኸው። ፔጊ የተባይ መድኃኒት መስሏት ነበር እኮ! አንተ በዚያች እንግሊዝኛህ እናትህ ሾላ ሥር እንዲህ ታደርግ እንደነበር፣ ቄሱ ባዕድ አምልኮ ነው ብለው ሲቆጧት «እመቤቴስ የተወለደችው ደጅ አይደለም?» ትላቸው እንደነበር ነገርካት። ፔጊም የእሷ የጥንት ዘመዶች፣ ገና ወንጌል ሳይሰበክላቸው፣ ጸደይ ሲገባ ተራራ ላይ እሳት አንድደው ከብቶቻቸውን በመሀሉ ያሳልፉ እንደነበር አጫወተችህ፤ የእነሱም ቄሶች ይቆጡ ነበር አለች። አንተ ደስ ሲልህ! «የእነሱ ሜይ አንድ፣ የእኛ ግንቦት አንድ፤ የሁለታችንም አያቶች አድባር ነበራቸው» እያልክ ስንት ቀን አወራህ።

ዘንድሮ እንግዲህ ሜይ ሊገባ ሲል ሳሮን በመኪና ወጣ እንበል ብላ ፓርክ ወሰደችኝ። ሰዉ ረጅም እንጨት ተክሎ፣ ባለ ቀለም ጥብጣብ ከላዩ አውርዶ፣ እየዞረ ይጨፍራል። ራሳቸው ላይ የቅጠል ዘውድ የደፉ አሉ። አንዳንዶቹ እንደ ድሮዎቹ ሃይማኖቴ ብለው ይዘውታል አሉ፤ ሌላው ልጁን በጋሪ እየገፋ ለጨዋታ የመጣ ነው፤ ግማሹ ስልኩን ወደ ላይ አንስቶ ይቀርጻል። እኔ አማተብኩና ራቅ ብዬ ቆምኩ። አንዲት ልጅ የጥብጣብ ጫፍ ስትሰጠኝ ግን እንዴት እምቢ ይባላል? አንድ ዙር ዞርኩ። አንተ ብትሆን አይለቁህም ነበር።

እቤት ስመለስ አሰብኩት። ፔጊ በዚህ እግሯ ቅርጫት አትሰቅልም። እዚህ የምታሳልፈው የመጨረሻ ጸደይ ባዶ በር ሊሆን ነው። ሶ፣ ሜይ አንድ ጠዋት ቱሊፕና ላይላክ አበባ በቅርጫት አድርጌ በሯ ላይ ሰቀልኩ፣ ደወልኩና ሮጥኩ። ሮጥኩ ስልህ ጉልበቴን ታውቀዋለህ፤ ጽጌረዳዋ ጋ ስደርስ ተያዘ። ያቺ ዳሌዋ የተሰበረ ሴት መደገፊያዋን እያንቋቋች መጥታ ደረሰችብኝ! ከዚያ ሳመችኝ። በአንዱ፣ በሌላው፣ ደግሞ በአንዱ፣ ደግሞ በሌላው፤ ልክ እንዳንተ። አለቀስኩ። እሷ ደግሞ ያንን ንፍሮ ሳልበላ የትም አልሄድም አለች። ኦኬ አልኳት፤ ሌላ ምን እላለሁ።

ተሼዬ፣ ከእንግዲህ ግንቦት አንድ ዝም ብሎ አያልፈኝም። ፔጊ ብትሄድም፣ ጉልበቴ እምቢ ቢልም ወጥቼ ዛፉን እቀባዋለሁ፤ ስምህንም ደጅ ላይ ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ። በእግር ጣት መሄድ ይበቃል።

አሁን ለልደታ የመጡትን ልንገርህ። ፖስታ አዳዩ መጣና ዘንድሮም ጨው አንሶታል አለ። ዋይት ሴንተር ሱቅ ያላት ጴንጤዋ ጓደኛዬ አልማዝ መጣች፤ ቅቤውን ስታይ «ዛፉ ምን ጸጉር አለውና፣ ለእኔ ራስ አይሻልም?» አለችኝ፤ ንፍሮውን ግን እየደጋገመች ዘገነች። ማይክ ሚስቱንና ሕፃኗን ይዞ መጣ፤ እናቱ በስልክ ስትነግረው ተረት ይመስለው እንደነበር ነገረኝ። ፔጊ ወንበርህ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ነኝ አውጥቼ የሰጠኋት፣ አትቆጣኝም። እንደ ልማዷ ቴሽ እያለችህ፣ የቴሽን ዛፍ ማን ሊቀባ ነው ብላ ስትጠይቅ ተነስቼ እጄ እስከ ደረሰበት ቀባሁት። በመጨረሻ ሳሮን ከሥራ መጣች። መኪናዋን ማዶ ፓርክ አድርጋ፣ መንገዱን ተሻግራ ዛፉ ፊት ቆመች። ግንዱን በጣቷ ነካች፣ ጣቷን አሸተተች። ከዚያ ቅቤውን ከእጄ ተቀብላ፣ ተንጠራርታ፣ በአማርኛ፣ «አባዬ እኮ ከዚህ ከፍ አድርጎ ነበር የሚቀባው» አለችኝ።