ሰባተኛው ውሃ

እህታችን ከአናጺ አባታቸውና በጤና ጣቢያ ቁስል እያጠቡ ካረጁት እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአባታቸው እጅ የዛፍ ሙጫ፣ ከእናታቸው እጅ የመድኃኒት ሽታ ጠፍቶ አያውቅም። እሳቸውም ገና በስድስት ዓመታቸው የአባታቸውን ሙጫ በተላጠ ጉልበታቸው ላይ ለጥፈው ተገርፈዋል። ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ሥራም ከዚያ ብዙ አልራቀም።

በ1971 ዓ.ም. በኬሚስትሪ ተመርቀው ምርምር ተቋም ገቡ። በ1975 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሹፌሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ወልደዋል። ባለቤታቸው «የቤቱ ድስት ሁሉ ተልባ ተልባ ይላል» እያሉ ሲያሾፉባቸው ኖረዋል።

ተልባው ለቁስል ነበር። ከዛፍ ሙጫና ከተልባ ዝልግልግ፣ ውስጡ እንደ መረብ የተሳሰረ ለስላሳ ልጥፍ ሠሩ። ልጥፉ መድኃኒት ይዞ ቀስ እያለ ስለሚለቅ፣ ቁስለኛው ፋሻው በየቀኑ እየተላቀቀ አይጮህም። መረቡን የሚያስተሳስረው ኬሚካል ግን ትራፊው ታጥቦ ካልወጣ ቆዳ ይለበልባል። ስለዚህ ልጥፉ ሰባት ቀን፣ በየቀኑ በአዲስ ውሃ ይዘፈዘፋል። «ሰባት ውሃ ሳያይ የሰው ገላ አያይም» ስለሚሉ ተማሪዎቻቸው «ሰባት ውሃ» ብለው ስም አወጡላቸው።

በ1998 ዓ.ም. ልጃቸው ወልዳ ፈቃድ ወጡ። የክፍሉ ኃላፊ፣ እዚህ ላይ አንቱታው ይቅርብን፣ ለዓመታዊ ሪፖርቱ ሲል ልጥፉን በሁለተኛው ውሃ አወጣው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል! የሙከራ ጥንቸሎቹ ቆዳ ቀላ፣ አበጠ። እሱም ስለ ጎደሉት አምስት ውሃዎች አንዲት ቃል ሳይጽፍ፣ «ለአካል አይስማማም» ብሎ መዝገቡን ዘጋው።

እህታችን በሰባት ውሃ የታጠበውን ልጥፍ በገዛ ክንዳቸው ላይ አርባ ቀን አስረው፣ ከዚያ ገልጠው አሳዩት። ሽፍታ እንኳ አልነበረም። ጆሮ ዳባ ልበስ! አሥራ ሰባት ዓመት ደብዳቤ ጻፉ፤ አንዱም መልስ አላገኘም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ስንት ይደር?

ባለፈው ዓመት በስኳር ሕመም እግራቸው ቆሰለ። ያን ሁሉ ዘመን የደከሙት ለእንዲህ ያለው ቁስል ነበር። መዝገቡ የተዘጋበትን ልጥፍ ግን ሐኪሞቹ አልፈቀዱላቸውም፤ በየቀኑ ፋሻው ሲላቀቅ ጥርሳቸውን ነክሰው ቻሉት። ቁስሉ መርዞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በስልሳ ስድስት ዓመታቸው አረፉ።

ያ ኃላፊ ዛሬ የአበባ ጉንጉን ልኳል። አበባውን ለራሱ ይያዘው። አምስቱን ውሃ መዝገቡ ላይ ይጻፍልን!

ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ የልጅ ልጃቸውና እኛ ወንድሞቻቸው ቀርተናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ፋሻ በማይላቀቅበት ቦታ ያሳርፍልን።

ሆስፒታል በገቡበት ቀን ጠዋት የዘፈዘፉት ልጥፍ ቤት ውስጥ አለ። የመጀመሪያውን ውሃ እሳቸው፣ አምስቱን ልጃቸው ከሆስፒታል እየተመላለሰች ቀይራለች። ስለዚህ ከቀብሩ ቀድማ ብትነሣ አትቀየሟት፤ ሰባተኛውን ልትቀይር ነው።