አባቴ የሚጠጣበት ቤት

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ
ልብስ አጠብኩ። በረንዳ ላይ ሳሰጣ የታችኛዋ ጎረቤት ጮኸችብኝ፤ ውሃው ምንጣፏ ላይ ተንጠባጥቦባት። ማሌሽ፣ ይቅርታ አልኩ። የሰማችኝ አይመስለኝም... እንደ ሁልጊዜው በሹክሹክታ ነው ያልኩት።

ማታ እማዬ ደወለች። ተቀጥራ የምትሠራላት ማዳም ከሞሃንዲሲን ሰፈር ለቃ እስክንድርያ ልትገባ ነው። እማዬም አብራ ትሄዳለች። እኔን መውሰድ አይቻልም።

"አባትሽ ተመልሶ ኪራዩን ከከፈለ ቤቱን አንለቅም፤ አንቺም እዚያው ትሆኛለሽ።"

"ካልተመለሰስ?"

"ሰው ቤት ትቀጠሪያለሽ። ያዕኒ... ማለቴ ምን ላድርግ ሕሊና?"

አባዬ ከቤት የወጣው ነሐሴ ላይ ነው። አርብ አርብ ግን ከእትዬ እማዋይሽ ጠላ ቤት አይጠፋም አሉ። ሄደሽ ንገሪው አለችኝ። እኔ? ያ ሁሉ ሰው ባለበት?

ጥቅምት 7፣ አርብ
ሄድኩ። ሐዳይቅ አል-መዓዲ ሰፈር፣ ከሜትሮ ጣቢያው ጀርባ፣ አራተኛ ፎቅ። ደረጃው ጌሾ ጌሾ ይሸታል። ግብፆቹ ጎረቤቶች የሐበሻ መድኃኒት ይመስላቸዋል። ቤቱ ግን ተራ ቤት ነው። ዙሪያውን ፍራሽ፣ የተዘጋ መጋረጃ፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የጠላ በርሜሎች።

በሩን የከፈተችው ራሷ እትዬ እማዋይሽ ናት። "ተዋበች የላከችሽ ቀጂ አንቺ ነሽ? ምነው እንዲህ ዘገየሽ! ግቢ፣ ግቢ!" ብላ ጆግ አስያዘችኝ። አይደለሁም፣ ተዋበችንም አላውቃትም ልል አፌን ከፈትኩ... መልሼ ዘጋሁት። ሁሉም ያየኛል።

"መጀመሪያ መዳፍሽ ላይ ጠብ አድርገሽ ቅመሺ። ቀጂዋ ያልቀመሰችውን እንግዳ አይጠጣም።"

ቀመስኩ። መረረኝ።

እየቀዳሁ ዞርኩ። ጥጉ ጋ አባዬ። ሲያየኝ የጀመረውን ወሬ አቋረጠ።

አጠገቡ የተቀመጠው፣ ፋሲል የሚሉት ሰው፣ "ተሰማ፣ ምነው ደነገጥክ? ታውቃታለህ እንዴ?" አለው።

"ከየት አውቃታለሁ?" ብርጭቆውን ዘረጋልኝ። "ቅጂ፣ የኔ እህት።"

ስቀዳለት ሱሪው ላይ አፈሰስኩበት። ሳቁ። እሱም ሳቀ።

የመጣሁበትን ሳልነግረው ወጣሁ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ
የኔ እህት አለኝ።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ
ለእማዬ አላገኘሁትም አልኳት። ምን ልበላት? በእኔ አፍሮ ነው ወይስ በራሱ? ወይስ ልጁ ጠላ ስትቀዳ እንዳያዩበት ብሎ? የመጨረሻውን ለማመን እየሞከርኩ ነው...

ጥቅምት 14፣ አርብ
ተመልሼ ሄድኩ። ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ። አልመጣም።

እትዬ እማዋይሽ ጓዳ ጠራችኝ። "ተዋበች ልትልካት የነበረችው ልጅ ሌላ ቦታ ተቀጥራለች። ታዲያ አንቺ ማነሽ?"

"ሕሊና።"

"የማን ልጅ?"

አጎንብሼ ጆጉን ማጠብ ጀመርኩ። ጠበቀችኝ። ከዚያ ሳቋ መጣ። "በይ ተይው። ቀጂ አፏን ስትይዝ ነው የሚያምርባት። ማደሪያ አለሽ?"

ማደሪያ አለኝ? እስከ መቼ?

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ
ኸላስ፣ አለቀ። እማዬ ዛሬ ጠዋት ሄደች። ቁልፉን ለአከራዩ መለስን። አባዬ አንድም ቀን ስልክ አላነሳም። እኔ ቀጂ ሆኜ እትዬ እማዋይሽ ጋ ገባሁ። የማን ልጅ እንደሆንኩ አልነገርናትም፤ እማዬ አፈረች።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ
አሻሮ ቆላሁ። በርሜል አጠብኩ። ፀጉሬ ሁሉ ጌሾ ሆነ።

ጥቅምት 28፣ አርብ
አባዬ መጣ። "የሌላው ቤት ጠላ ቀጥኖበት ነው" አለ ፋሲል። አባዬ ዓይኑን ከእኔ እያሸሸ ብዙ ጠጣ። ከዚያ ድንገት ተነሳ።

"ይቺ ልጅ የማን ናት? የእኔ ናት! የተሰማ ልጅ!"

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ፋሲል፣ "አንተ ሞቅ ሲልህ ያልወለድከው ማን አለ? ባለፈው የሕንፃው ዘበኛም ልጅህ ነበር!" አለው።

እትዬ እማዋይሽ አልሳቀችም። "እውነቱን ነው?" አለችኝ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"አባቴ ነው" አልኩ። አልጮህኩም። ግን ሰሙኝ።

ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ቅጂልኝ፣ ልጄ" አለና ብርጭቆውን ዘረጋ። የብርጭቆውን አፍ በእጄ ከደንኩት። እዚህ ቤት የበቃው ሰው ብርጭቆውን ራሱ ነው የሚከድነው። ለሌላ ሰው የሚከድን አይቼ አላውቅም።

"ቤቱን ለቀናል አባዬ። እማዬም ሄዳለች።"

"መቼ?"

"ባለፈው ቅዳሜ።"

ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ፋሲል ብርጭቆውን አየ፣ እኔን አየ። በመጋረጃው በኩል የተቀመጡት፣ "ልጅት፣ እኛ ደርቀናል እኮ!" ብለው ተጣሩ።

ጆጉን አንስቼ ወደ እነሱ ሄድኩ።