ጥላሸት ጤነኛ ነበረች

እማዬ፣

ከተለየሽኝ አሥራ አራት ወር ሆነ። እኔ አልቆጠርኩትም፤ ያስቆጠረኝ አንድ ፎርም ነው። «የቀድሞዋ ባለቤት ያረፉበት ቀን» ይላል፣ ከጎኑ ትንሽ ሳጥን። ቀኑን ሞላሁና እስክሪብቶውን አስቀምጬ በጣቴ ቆጠርኩ። ያኔ አሥራ ሁለት ነበር። መቁጠር አንዴ ከተጀመረ አይቆምም።

ፎርሙ የድመትሽ ነው። ሌላ እንዳይመስልሽ።

ለንደን፣ ብሪክስተን ያለውን ቤትሽን ለሰፈሩ አስተዳደር፣ ለካውንስሉ፣ አስረከብኩ። ጥላሸት ስትሪትሃም እኔ ጋ ገባች። የሳሎንሽን መጋረጃ አምጥቼ ሰቀልኩት፤ ለእኔ መስኮት ይረዝማል፤ አላሳጠርኩትም። ጫፉ ወለሉ ላይ ተኝቷል፣ እሷ ደግሞ ጫፉ ላይ ትተኛለች። ሥራዬ ያው ነው። የምበላው ያው ነው። ስልኬ እሁድ ከሰዓት አይጮህም፤ የተለወጠው ይሄ ነው።

ስሟ አሁንም ሰው ያስገርማል። ክሊኒኩ ውስጥ «ቲላ» ነው የሚሏት። ትርጉሙን የሚጠይቁኝ ሲሰሙ መጀመሪያ ድመቷን ያያሉ፣ ቀጥለው እኔን። እንደ ወተት የነጣች ድመት ጥላሸት የሚባለው ለምንድን ነው? ቆንጆ መሆኗን ጮክ ብለሽ ላለመናገር እንደሆነ ለማን ላስረዳ።

በጥቅምት ማስመለስ ጀመራት። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት፣ ቆይቶ የበላችውን ሁሉ። ስትከሳ አላየሁም። አንድ ቀን ከወንበር ሳነሳት እጄ ከጠበቀው በላይ ቀለለችኝ፤ ያኔ ነው ያወቅኩት። የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ስታወራ ድመቷን እንጂ ሰውን አታይም። አንጀቷ ላይ እብጠት አገኘች። በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ ካልወጣ ሦስት ሳምንት ብትቆይ ነው፣ ከዚያ በላይ አላምንም አለች። ከዚያ ዋጋውን ነገረችኝ። ኢንሹራንስ አላት ወይ ስትለኝ፣ አላት አልኩ፤ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

ኢንሹራንሱን ያስገባሁላት ቀን እንዴት እንደሳቅሽብኝ ትዝ ይልሻል? «ገንዘብ ከፍለህ በሽታ ትጠራባታለህ? ሟርት እኮ ነው! ለእኔ ያላሰብከውን ለድመት!» አልሽ። የሳቅሽው በግማሽ ነበር። በሌላው ግማሽ ፈርተሽ ነበር። እኔም ፈርቼ ነው ያስገባኋት፤ ልዩነታችን አንቺ ክፉውን በስሙ አትጠሪም፣ እኔ ደግሞ ቀጠሮ እይዝለታለሁ።

ሰባት ዓመት ከፈልኩ። አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። አሁን ያን ፎርም ሞልቼ ክሌም፣ የክፍያ ጥያቄ፣ ሳቀርብ፣ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ያለ የሕክምና ታሪኳ ይላክ አሉ። ተላከ። በዘጠነኛው ቀን መልስ መጣ። ሕመሙ ኢንሹራንሱ ከመጀመሩ በፊት የነበረ ስለሆነ አንሸፍንም።

ደወልኩ። ሦስት ቀን፣ ሦስት የተለያየ ሰው፣ አንድ ዓይነት ሙዚቃ። ሁሉም ከስሟ ጀምሮ እንደ አዲስ ያስነግሩኛል። ሦስተኛዋ ልጅ ፋይሉ ላይ የሆነ ነገር አንብባ «በሞቷ በጣም አዝናለሁ» አለችኝ። «ድመቷ አልሞተችም፤ የሞተችው እናቴ ናት» አልኳት። ከዚያ «እናትህ ስማቸው ውሉ ላይ አለ?» አለችኝ።

ክሊኒኩ ሄጄ ፋይሉን አስወጣሁ። የመጀመሪያው ገጽ፣ ለክትባት የወሰድናት ቀን። ሁለት መስመር ነው።

«ባለቤቷ በልጃቸው አስተርጓሚነት እንደገለጹት፣ ድመቷ ከመጀመሪያውም ደካማ ናት፤ ምግብ አትበላም፤ ሁልጊዜ ያስመልሳታል።»

«ምርመራ፦ ምንም ችግር አልተገኘም። ክብደቷ ጥሩ ነው። ፀጉሯ ያበራል።»

እማዬ፣ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ድምፅሽን እንግሊዝኛ ውስጥ አገኘሁት።

ያን ቀን የነበረው ሽማግሌ ሐኪም ጥላሸትን ወደ ላይ አንስቶ «ምን ዓይነት ቆንጆ ድመት ናት!» አለ። ፊትሽ ሲለወጥ አየሁ። ክርኔን ጎተትሽኝ። «በለው እንጂ! ምኗ ያምራል፣ በሽተኛ ናት በለው። እህል አትቀምስም በለው። ሲያስመልሳት ነው የምትውለው በለው።» ያን ጠዋት አንድ ቆርቆሮ ሰርዲን ጨርሳ፣ ቆርቆሮውን ልሳ፣ የአንቺን እጅ ስትልስ ነበር። ይህንን አውቅ ነበር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ሁለታችን ለንደን ስንገባ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ካውንስልም፣ ጂፒ የሚሉት የሰፈር ሐኪም ዘንድም አስተርጓሚሽ እኔ ነበርኩ፤ ሕግሽም አንድ ነበር፤ ያልኩትን በል፣ አትጨምር፣ አትቀንስ። ስለዚህ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ሐኪሙ ይጽፋል። በሳምንቱ ኢንሹራንሱን አስገባሁ።

ጎረቤትሽ እትዬ ዘነበች አሁንም እንደ ድሮው ከፎቅሽ በታች ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥላሸትን ሊያዩ ይመጣሉ፤ እኔን ሊያዩ ነው መሰለኝ፣ ግን ለድመቷ ነው ይላሉ። ነገሩን ስነግራቸው አልገረማቸውም። «ታዲያ በሰው ፊት ጤነኛ ናት ልትል ነው እንዴ?» አሉኝ። «ያውም ገና ዓይኑን ከመጣሉ ቆንጆ ያላት ሰው!» ለእሳቸው የሚገርመው የጻፈው ሐኪም ነው። «ይሄን ሁሉ ተምሮ የሴት ወይዘሮ ወሬ ይጽፋል?»

ስቄ ሳልጨርስ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ።

አዲስ አበባ፣ ሰባት ዓመቴ። የትምህርት ቤት ካርዴን ይዤ ሮጬ መጣሁ፤ አንደኛ ወጥቻለሁ። ጎረቤታችን በር ላይ ነበሩ። ካርዱን ከእጄ ነጥቀሽ ከጀርባሽ ደበቅሽው። «ምን እሱ፣ በግድ ነው ያለፈው። ደሞ በሽተኛ ነው፣ አይበላልኝም።» ከበሩ ኋላ ገብቼ አለቀስኩ። ለንደን መጥተንም፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ «ልጅሽ ገባ አሉ» ሲሉሽ «ምን ይገባል፣ ዝም ብሎ ይመላለሳል» አልሽ። ሠላሳ ዓመት አልፎኝ፣ አሁንም ሰው ሲያመሰግነኝ አሳንሳ የምትመልስልኝ ሰው ካለች ብዬ ዞር እላለሁ። ደካማ ልጅ እንደነበርኩ አምኜ ነው ያደግኩት። የልጅነት የጤና ካርዴን ከዕቃሽ ውስጥ አገኘሁት። በውስጡ ከክትባት በቀር ምንም የለም።

አንቺ እንዲህ ነሽና፣ እኔ ቃልሽን መቀነስ ለመድኩ። ሞትኩ ስትዪ ደክሞሻል። ደክሞኛል ስትዪ ደህና ነሽ። ሁሉንም ከግማሽ በታች እሰማለሁ።

አሁን ልጽፈው ነው።

ከመሄድሽ ሦስት ወር በፊት ጂፒ ጋ የሄድን ቀን። ሐኪሟ ምን ይሰማቸዋል አለችኝ። አንቺ «ሰውነቴ አልቋል በላት። ደረጃው አቅቶኛል። ስተኛ ትንፋሽ ያጥረኛል» አልሽ። እኔ ሥራ ረፍዶብኝ ነበር። ከአፌ የወጣው እንግሊዝኛ «ትንሽ ደክሟታል» ነው። አንቺ ስለ ማጠሩ ምንም አላልሽም። አምነሽኝ ነበር። ሐኪሟ የደም ምርመራ ለቀጣዩ ወር ቀጠረችሽ። ኋላ ሆስፒታል ውስጥ ቀደም ብትመጪም ብዙ ለውጥ አያመጣም ነበር አሉኝ። ሊሆን ይችላል። እነሱም የሚያውቁት እኔ የነገርኳቸውን ነው።

ለድመትሽ ቃል በቃል ተረጎምኩ። ለአንቺ ቀነስኩ።

በሕይወትሽ የተናገርሽውን እንዳለ ያመነሽ፣ እማዬ፣ ያ ኢንሹራንስ ብቻ ነው።

የጥላሸት ሐኪም መውጫ እንዳለ ነገረችኝ። እሷ የድሮውን ምርመራ ጠቅሳ ትጽፋለች፤ እኔ ደግሞ ያኔ የተባለው ትክክል እንዳልነበረ ጽፌ እፈርማለሁ። ከሦስቱ ሳምንታት የቀረው አምስት ቀን ነበር። ጥላሸት መጋረጃሽ ላይ ተኝታ ሆዷ በችኮላ ይተነፍሳል። እኔ ወረቀት ፊት።

መጀመሪያ «እናቴ የተናገረችው እውነት አልነበረም» ብዬ ጻፍኩ። ቀደድኩት። ይህንን ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ ጂፒዋ ፊት በሌላ ቃል ተናግሬዋለሁ። ሁለተኛ አልፈርምበትም።

ሁለተኛው «እናቴ አጋንናለች» ይላል። ሦስተኛው ስለ ቋንቋ ችግር ነበር፣ ውሸት። ሁለት ቀን ሄደ። ድመቷ ውሃ ማስመለስ ጀመረች። አራተኛውን ቁርስ ሳልበላ፣ ጫማዬን እንዳደረግኩ ጻፍኩት፦

«እናቴ ይህችን ድመት በጣም ትወድ ነበር። እኛ የምንወደውን በማናውቀው ሰው ፊት አናሞግስም፤ የሰው ዓይን ይጎዳዋል ብለን እንፈራለን። ሐኪሙ ሲያደንቃት ደነገጠችና ልትከልላት ሞከረች። ድመቷ ጤነኛ ነበረች፤ እኔም አውቅ ነበር። ቃሏን ተረጎምኩ፣ ምን ማለቷ እንደሆነ ግን አልተናገርኩም። ጥፋቱ የአስተርጓሚው ነው።»

ከዚያ በታች ደግሞ ሰርዲኑን ጻፍኩ። ገጽ ተኩል ሆነ። ፈርሜ ላክሁ።

በማግስቱ ከሰዓት መለሱ። የሐኪሟን ማስረጃ ተቀብለናል፣ ቀዶ ሕክምናውን እንሸፍናለን። ከእኔ ገጽ ተኩል አንድ ቃል አላነሱም። ያነበበው ሰው መኖሩን አላውቅም። ቅር አለኝ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ጥላሸት ድናለች። ሆዷ ላይ የተላጨው ፀጉር እየተመለሰ ነው።

የእትዬ ዘነበች ልጅ፣ ሆሎዌይ ሰፈር የምትኖረው፣ ውሻ ገዝታ ኖሯል፤ «ይሄ ኢንሹራንስ የምትሉት ያዋጣል?» ብለው በቀደም ጠየቁኝ። ብዙ አሰብኩ። ውሻው ገና ቡችላ ከሆነ ታስገባው አልኩ። ግን የመጀመሪያ ቀን ሐኪም ጋ ስትወስደው እርስዎ ውጭ ይጠብቁ አልኳቸው። «ሂድ ባለጌ!» ብለው በነጠላቸው መቱኝ። የእኛን ኢንሹራንስ ግን እንዲያልቅ ተውኩት። ከዚህ በኋላ የሆዷን ነገር በሙሉ አንሸፍንም ብለው ጽፈዋል፤ ዋጋውንም ጨምረዋል። እሷን ሊያሳጣኝ የሚችለውን ትተው ለቀሪው ዋስትና ይሰጡኛል። ኢንሹራንስ በሌለበት ቤት የመጀመሪያውን ሳምንት በየሰዓቱ ስትተነፍስ ሳያት ነው የሰነበትኩት።

አንድ ነገር ደግሞ በራሴ ላይ ታዘብኩ። ሰው «እናትህ እንዴት ያለች ሰው ነበረች?» ሲለኝ፣ «ምን እሷ፣ ነጭናጫ ነበረች» እላለሁ። አሳንሼ። ሳይታወቀኝ አሁንም እየከለልኩሽ ነው። ግን ከምን? አንቺ ያለሽበት የማን ዓይን ይደርሳል?

ስለዚህ ቃል እገባልሻለሁ። እንደነበርሽ አስታውስሻለሁ፣ ደግሞም ሰው እየሰማ። ረጅም ነበርሽ። አንገትሽ ያምር ነበር። ብሪክስተን ገበያ ዓሣ ሻጩን በአማርኛ እየተከራከርሽ ታሸንፊው ነበር። የሰውን ስም አንዴ ሰምተሽ አትረሺም። ልጅሽን በጣም ትወጂው ነበር፤ እሱም ጤነኛ ነበር። ይህንን ስናገር ልቤ ይፈራል፤ እየፈራም ቢሆን እናገራለሁ። ደረጃው አቅቶኛል ያልሽ ቀንም፣ እማዬ፣ ደረጃው አቅቶሽ ነበር። ይህንንም አብሬ እናገራለሁ።

ልጅሽ