ከምሳ በኋላ ያለው ትምህርት

ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽና ልጆችሽስ? እኛ ደህና ነን፤ ስፌቱን ብቻ ለጊዜው ቀነስ አድርጌዋለሁ።

እንደነገርኩሽ ልጄን ቤት ማስተማር ጀምሬያለሁ። ስድስት ዓመቷ ነው ብለሽ እንዳትንቂያት፤ ምላሷ የጠበቃ ነው። ጠዋት ጠዋት፣ እኔም ጉልበት ሲኖረኝ፣ ፊደልና ቁጥር እናጠናለን። ከምሳ በኋላ እኔ ጋደም ስለምል ትምህርቱ ሌላ ነው። ፀጉሯን ራሷ ታበጥራለች። በርጩማ ላይ ቆማ የበሩን መቀርቀሪያ መክፈት ለምዳለች። ያንቺን ስልክ ቁጥር በቃሏ ትወጣዋለች።

ትናንት ደግሞ ጎረቤታችን ነርሷ ቤት ድረስ ብቻዋን ደርሳ እንድትመለስ ላክኋት፤ እኔ በመስኮት አያት ነበር።

"በሩን ስትከፍትልኝ ምን ልበላት?" አለችኝ ከመውጣቷ በፊት።

"እማዬ ትፈልግሻለች በያት።"

"አንቺ ለምን አትሄጂም?"

"ይሄ ያንቺ ትምህርት ነው።"

ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ "ፈተና አለው?" አለች።

"አለው።"

"መቼ ነው?" ብትለኝ እርሳሷን አንስቼ ቀረጽኩላት።

በይ እንግዲህ፣ ቤተሰቡን በሙሉ ሳሚልኝ። ስልክሽን ግን ስትተኚም አትዝጊው።

ሁሌም የምታስብሽ እህትሽ