ጆሮዬን ላስመረመሩልኝ አለቃዬ፦ ስለማያርፈው ማራገቢያ

ለተከበሩ የፍርድ ቤቱ የድምፅ ግልባጭ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎን፣ እንዲሁም ማንም ሳይነካው የሚሞቀውን የላፕቶፔን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ፣ ዕድሜ ለእርስዎ፣ ደህና ነኝ፤ ጆሮዬ ደግሞ ከእኔም ይልቅ ደህና መሆኑን እርስዎ ራስዎ የላኩኝ ሐኪም አረጋግጠዋል። ይህን ደብዳቤ በእጄ ጽፌ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። በላፕቶፑ ልጽፈው ስጀምር ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ስለጮኸ፣ ከእርስዎ እጅ ሳይደርስ እርስዎ የሚያነቡት መሰለኝና ተውኩት።

አላፊ አግዳሚውም እንዲገባው፣ የእኔ ሥራ በችሎት የተቀዳውን ቃል በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ዳኞቹ ሊፈርዱ ሲቀመጡ የሚያነቡት ያንን ጽሑፍ ነው። መገመት ክልክል ስለሆነ፣ ያልሰማሁትን ቦታ «አልተሰማም» ብዬ አልፋለሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎቴ ይህን ቃል የጻፍኩት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነበር፤ አዲሱ ላፕቶፕ ከተሰጠኝ ከሁለት ወር ወዲህ ግን በየገጹ እጽፈው ጀመር። አቤቱታዬም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፦ ማራገቢያው አያርፍም። ስከፍተው ይጮኻል፤ ምንም ሳልሠራ ይጮኻል፤ ምሳ በልቼ ስመለስም ያው ነው። እሱን ለመብለጥ ስጮህ ውዬ ቤቴ ስገባ ድምፄ አልወርድ ብሎ፣ ልጄ ምን አጠፋሁ ብላ ልታለቅስብኝ ደርሳለች።

ሁለተኛ፦ የላኩልኝ ቴክኒሽያን፣ እጁ ይባረክ፣ ላፕቶፑን ፈትቶ አቧራ ቢፈልግ ቢፈልግ አንዲት ብናኝ አጣ። ውስጥ ለውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ሳይኖር እንደማይቀር ሊነግረኝ ጀምሮ ሳይጨርስ ስልኩ ጠራ፤ ከእርስዎ ጋር ተነጋግሮ ሲመለስ ግን አቧራውን አገኘሁት አለኝ። የት አገኘኸው ብዬ አላስጨነቅኩትም፤ የልጆች አባት ነው።

ሦስተኛ፦ ሦስት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ በማቋቋም ስላከበሩኝ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። ኮሚቴው የመጣው ልክ በአራት ሰዓት ሲሆን፣ ማራገቢያው ጸጥ ያለው ለአራት አምስት ጉዳይ ላይ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ያልተቋረጠ ጩኸት በአንዴ ሲቆም፣ አጠገቤ የሚሠሩት አዛውንት ባልደረባዬ ደንግጠው ሰው ሞተ እንዴ ብለው ቀና አሉ። የተከበረው ኮሚቴ ሩብ ሰዓት በጥሞና አዳምጦ፣ ምንም ድምፅ አለመሰማቱን በቃለ ጉባኤ ፈርሞ ወጣ። በሩ ገና ሳይዘጋ ማራገቢያው ተነሣ። ማሽን ሰው አያፍርም፣ ቀጠሮም አያውቅም፤ ማቆሚያውን የሚያውቅ ሰው እንዳለ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔም ተመንጥሬ ከማልቅ ብዬ መጠርጠር ጀመርኩ።

አራተኛ፦ በዚያው ሳምንት በደረሰኝ የሥራ አፈጻጸም ውጤት ላይ በቀን አራት ሰዓት «ሥራ ፈት» ተብያለሁ። ነገሩን ስከታተል፣ ለካስ ጣቴ ፊደል የነካበትን ሁሉ የሚቆጥር፣ በየደቂቃውም የስክሪኔን ፎቶ የሚያነሣ ፕሮግራም ላፕቶፑ ውስጥ ተጭኖ ኖሯል! ሳዳምጥ ጣቴ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ሥራዬ ብዬ የማዳምጥበት ሰዓት ሁሉ ስንፍና ሆኖ ተመዝግቦብኛል። ፕሮግራሙ ማሽኑን አሙቆ ማራገቢያውን ያስነሣል፣ ማራገቢያው ጆሮዬን ይደፍናል፣ ደጋግሜ ሳዳምጥ ደግሞ ፕሮግራሙ ሰነፈች ይላል። ኧረ እግዜር ያሳይዎት!

አምስተኛ፦ «አልተሰማም» በዛ ተብሎ ጆሮዬ እንዲመረመር ታዘዘ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው። ሐኪሙ የጎረምሳ ጆሮ ነው ያላት ብለው ቢፈርሙም፣ እርስዎ በአባትነት ርኅራኄ «ለጆሮዋ ዕረፍት» ብለው ምድር ቤት ወዳለው መዝገብ ቤት አዛወሩኝ፤ ላፕቶፑም አብሮኝ እንዲወርድ አዘዙ። ለዝውውሩ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ይህችን እንኳ ማሾፌ አይደለም። የችሎቱ ዋና ቅጂዎች የሚቀመጡት እዚያ ነውና፣ ማራገቢያ የሚባል ነገር ያልፈጠረበት አሮጌ ማጫወቻም አብሯቸው አለ።

በእነዚያ ሁለት ወራት ከገለበጥኳቸው ቃሎች አንዱ ዕረፍት ነሥቶኝ ነበር። ጉዳዩ የልጅ ስለሆነ ስም አልጠቅስም። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ካሳደገቻት አክስቷ ጋር ትቆይ ወይስ አይታው ወደማታውቀው አባቷ ትሂድ የሚለው ነገ ሐሙስ ይወሰናል። አክስትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምትናገር ሴት ናት። ልጅቷን ትምህርት ቤት የሚያደርሳት ማነው፣ ስትታመም ያስታመማት ማነው፣ ጥርሷ ሲወልቅ ደሙን የጠረገላት ማነው እየተባለች አሥራ አንድ ጥያቄ ተጠየቀች፤ በግልባጩ ላይ አሥራ አንዴም «አልተሰማም» ይላል። ያነበበው ሁሉ መልስ ያጣች ሴት ትመስለዋለች። የአባትየው ጠበቃም «አንዲት ጥያቄ እንኳ መመለስ አልቻለችም» ብለው ለዳኞቹ ጽፈዋል። እንዲህ ያስባላቸው የእኔ እጅ ነው።

ሰኞ ዕለት ዋናውን ቅጂ በአሮጌው ማጫወቻ ሰማሁት። ግልባጩን አስተካክዬ ማክሰኞ በጠዋት ለፊርማዎ ሳቀርብ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ፤ ከሰዓት በኋላም ስብሰባ፣ ዛሬ ረቡዕ ጠዋትም ስብሰባ። ወረቀቱ ግን ጠረጴዛዎ ላይ፣ ከውሃ ጠርሙስዎ ሥር፣ በቢሮዎ መስታወት በኩል ይታየኛል። ግልባጩ ከታረመ ለምን እንደተሳሳተ ይጠየቃል፤ ይህ ከተጠየቀ ደግሞ የፕሮግራሙ ወሬ ይነሣል። ይህን አስበው ነው ያልፈረሙት አልልም፤ የጠርሙሱ ክብደት ይሆናል።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩበት ሰዓት በሥራ ፈትነት እንዲመዘገብልኝ በትሕትና እየጠየቅኩ፣ ላፕቶፕዎን የማይሞቅ፣ ወንበርዎን የማይነቃነቅ፣ ስብሰባዎንም የማያልቅ ያድርግልዎ እላለሁ።

ጆሮዋ ጤነኛ ሆኖ በመገኘቱ የተቀጣች ታዛዥዎ፣
ከምድር ቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያልተሰሙት አሥራ አንድ መልሶች ምን እንደሆኑ ማወቅ ቢያምርዎት፣ ሁሉም አንድ ናቸው። ማን ያደርሳታል? እኔ። ማን አስታመማት? እኔ። ደሟን ማን ጠረገላት? እኔ። በተስተካከለው ግልባጭ ግርጌ «ያረጋገጠው» የሚል መስመር አለ፤ ከማክሰኞ ጠዋት ጀምሮ ፊርማዎን ሲጠብቅ ባዶውን ቀረ። ዛሬ ከምሳ በፊት ሌላ ቅጂ አዘጋጅቼ፣ በመስመሩ ላይ ራሴ ፈርሜ፣ ለዳኞቹ ጸሐፊ በእጄ አስረክቤያለሁ። ማን ፈቀደላት ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። መልሴ ከአክስትየዋ መልስ አይለይም፤ እኔ ግን ጮክ ብዬ ነው የምናገረው።